ብረቱና ልባሱ፦ የኤሌክትሪክ አስተላላፊና ኢ-አስተላላፊ ቁሶች ዳሰሳ

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ በሁሉም አፍ የነበረው ቁጥር 5,150 ሜጋ ዋት ነበር። ቁጥሩ ቢወራለት የሚገባው ነው። ግድቡ ባለበት ጉባ ላይ የመነጨው ኃይል ግን እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ድረስ የሚመጣው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሽቦ ተጉዞ፣ በየማከፋፈያ ጣቢያው ቮልቴጁ በትራንስፎርመር እየተቀነሰ፣ ስፍር ቁጥር በሌለው መገጣጠሚያ አልፎ ነው። በዚህ ሁሉ መንገድ ሁለት ዓይነት ቁሶች ጎን ለጎን ይሠራሉ። አንዱ ከረንት እንዲያልፍ የሚፈቅድ አስተላላፊ ነው፤ ሌላው መንገዱን ስቶ እንዳይወጣ የሚያግድ ኢ-አስተላላፊ ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ ዕቃ ሲነሳ ዓይናችን የሚያርፈው በብረቱ ላይ ነው። ዋጋው የሚጠየቀው መዳቡ ነው፤ ሌባ የሚያሳድደውም እሱኑ ነው። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ግን ሌላ ነው። ባለፉት 300 ዓመታት ኤሌክትሪክ ትልልቆቹን እርምጃዎች የተራመደው ብዙ ጊዜ የተሻለ ብረት ሲገኝ ሳይሆን የተሻለ ልባስ ሲገኝ ነው። ዛሬም በየቤታችንና በየመስመሩ አደጋ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ብረቱ አልቆ ሳይሆን ልባሱ አርጅቶ ወይም መገጣጠሚያው ላልቶ ነው። ትኩረታችንም ወደዚያ መዞር አለበት። (የውጭው ታሪክ ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ሲባጎ፣ ሐርና ናስ

ቁሶች በዚህ ረገድ በሁለት እንደሚከፈሉ በሙከራ የታወቀው በ1729 ነው። ስቲቨን ግሬይ የሚባል እንግሊዛዊ፣ በሙያው ጨርቅ ቀላሚ የነበረ ሰው፣ የብርጭቆ ቱቦ በእጁ እያሸ ቱቦው ያገኘውን የመሳብ ኃይል በሲባጎ ወደ ሩቅ ቦታ ማስተላለፍ ይሞክር ነበር። ከወዳጁ ግራንቪል ዊለር ጋር ሆኖ በኬንት በሚገኘው የዊለር ቤት ውስጥ ረጅም ሲባጎ ዘረጋ። በአንዱ ጫፍ የዝሆን ጥርስ ኳስ አንጠለጠለ፤ ሲባጎውንም በቀጫጭን የሐር ክሮች ደግፎ ሰቀለው። ሐር የተመረጠው ቀጭን ስለሆነ ነበር፤ ድጋፉ ከቀጠነ በእሱ በኩል የሚያመልጠው ኃይል ያንሳል ብለው አስበው ነው። ሙከራው ሠራ።

ሲባጎውን ሲያስረዝሙት ግን ሐሩ ክብደቱን አልቻለምና ተበጠሰ። በምትኩ እንደ ሐሩ የቀጠነ፣ ነገር ግን ጠንካራ የሆነ የናስ ሽቦ አደረጉ። ያን ጊዜ ቱቦው ምንም ያህል ቢታሽ ኳሱ አንዲት ቅንጣት እንኳ መሳብ አቃተው። ቅጥነቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ቁሱ ብቻ ነው። ግሬይና ዊለር ነገሩ የገባቸው እዚያ ላይ ነው፤ ኃይሉን ይዞ ያቆየው የክሩ ቅጥነት ሳይሆን የሐሩ ባሕርይ ነበር። ወደ ሐር ተመልሰው ከ200 ሜትር በላይ ማስተላለፍ ቻሉ።

ከዚህ ሙከራ ልብ ሊባል የሚገባው አስተላላፊው ተራ ሲባጎ መሆኑ ነው። ሲባጎ በዛሬ መለኪያ እጅግ ደካማ አስተላላፊ ነው። ሙከራው የተሳካው በሲባጎው ብርታት ሳይሆን በሐሩ አጋጅነት ነው። ይኸው ነገር በቀጣዮቹ ምዕተ ዓመታት ደጋግሞ ይታያል።

የልዩነቱ ምክንያት በኋላ በፊዚክስ ተብራርቷል። በብረታ ብረት ውስጥ ከየአቶማቸው የተላቀቁ፣ በቁሱ ውስጥ እንደ ልብ የሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች አሉ፤ በፕላስቲክ፣ በብርጭቆና በደረቅ ሸክላ ውስጥ ግን ኤሌክትሮኖቹ በየቦታቸው ታስረዋል። የብርን ሬዚስታንስ (ከረንትን የመቃወም ባሕርይ) ከፖሊኤቲሊን ፕላስቲክ ጋር ብናስተያይ ልዩነቱ ከ1 ቀጥሎ 24 ዜሮ ቢደረደር የሚገኘውን ቁጥር ያህል ነው። በመካከላቸው እንደ ሲሊከን ያሉ ከፊል አስተላላፊዎች አሉ፤ የእነሱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ዳሰሳ ይፈልጋል።

ብረቶቹ

ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን በ1913 የመዳብን የማስተላለፍ አቅም መመዘኛ አድርጎ 100 አለው። በዚህ ልክ ብር 105 ገደማ፣ ወርቅ 70 ገደማ፣ አሉሚኒየም 61፣ ብረት ደግሞ 17 ገደማ ያስመዘግባሉ። ብር አንደኛ ቢሆንም ከመዳብ የሚበልጠው በጥቂቱ ነው፤ ዋጋው ግን ከአቅም በላይ ነው። በገፍ ሥራ ላይ የዋለበት ጊዜ ቢኖር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በአሜሪካ ኦክ ሪጅ ዩራኒየም ለሚለዩት ግዙፍ ማግኔቶች ሽቦ ሲያስፈልግ መዳቡ ሁሉ ለጦር መሣሪያ ተፈልጎ ነበርና የአገሪቱ ግምጃ ቤት ከ13,000 ቶን በላይ ብር አበደረ። ብሩ ተመልሶ ገባ፤ ዛሬ ብር በማብሪያ ማጥፊያና በሬሌ ውስጥ በሚነካኩ ትንንሽ ነጥቦች ላይ ያገለግላል። ወርቅ የሚመረጠውም ስለማይዝግ ነው እንጂ በማስተላለፍ ስለሚበልጥ አይደለም፤ በስልክና በኮምፒውተር ማገናኛዎች ላይ በስሱ ይለበጣል።

መዳብ የነገሠው ብዙ ጸጋ በአንድነት ስለያዘ ነው። ጥሩ ያስተላልፋል፤ ሳይሰበር ይቀጥናል፤ በቀላሉ ይበየዳል፤ ሲታሰርም ይጸናል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ንጽሕና ነው። 0.04 በመቶ ብቻ ፎስፈረስ ቢገባበት የማስተላለፍ አቅሙ በአንድ አምስተኛ ገደማ ሊወርድ ይችላል። ብሪታኒያዊው ሳይንቲስት ዊሊያም ቶምሰን በ1850ዎቹ በገበያ ላይ የነበሩ የመዳብ ሽቦዎችን ሲለካ እርስ በርሳቸው እጅግ የተራራቁ ሆነው አገኛቸው። ለኬብል የሚሆን መዳብ ጥራቱ ተለክቶ እንዲገዛ ያስገደደው ይህ ነበር። ዛሬ መዳቡ በኤሌክትሪክ እየተጣራ ንጽሕናው 99.99 በመቶ ይደርሳል።

አሉሚኒየም የመዳብ ተፎካካሪ የሆነው በ1886 ቻርልስ ሆልና ፖል ኤሩ አንዱ ከሌላው ሳይሰማ በኤሌክትሪክ የሚለይበትን ዘዴ ካገኙ በኋላ ነው። የመዳብን ያህል ለማስተላለፍ የሽቦው አቋራጭ ስፋት (በካሬ ሚሊ ሜትር) 1.6 እጥፍ መሆን አለበት፤ እንዲያም ሆኖ ክብደቱ የመዳቡ ግማሽ ነው። ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ለሚሰቀል ሽቦ ይህ ወሳኝ ነው። ስለዚህ በየተራራው የምናያቸው ከፍተኛ መስመሮች በአብዛኛው መሐላቸው ብረት፣ ዙሪያቸው አሉሚኒየም ናቸው። ብረቱ ክብደትና ንፋስ ይሸከማል፤ አሉሚኒየሙ ከረንት ያስተላልፋል። «መዳብ ወይስ አሉሚኒየም?» ለሚለው የቆየ ጥያቄ መልሱ እንደ ቦታው ነው። ለረጅሙ የአየር ላይ መስመር አሉሚኒየም፣ ለቤት ውስጥ ግን መዳብ ይሻላል።

ምንም ሬዚስታንስ የሌላቸው ቁሶችም አሉ። ሆላንዳዊው ካመርሊንግ ኦነስ በ1911 ሜርኩሪ በ4.2 ኬልቪን ቅዝቃዜ ሬዚስታንሱን ፈጽሞ እንደሚያጣ አይቷል። በ1986 ቤድኖርዝና ሙለር የተሻለ ሙቀት የሚችሉ ሴራሚኮችን አገኙ፤ በ2014ም በጀርመን ኤሰን ከተማ 1 ኪሎ ሜትር የሚሆን እንዲህ ያለ ኬብል ሥራ ጀመረ። ነገር ግን በፈሳሽ ናይትሮጅን ሳያቋርጥ መቀዝቀዝ አለበት። ቦታ ለጠበበበት ትልቅ ከተማ ሊያዋጣ ይችላል፤ ለገጠር መስመር የሚሆን መፍትሔ ግን አይደለም።

ልባሶቹ

ብረቱ ከተገኘ በኋላ ያልተፈታው ችግር ልባሱ ነበር። ቴሌግራፍ ባሕር መሻገር የቻለው በማላይ ደሴቶችና ባሕረ ገብ መሬት ከሚበቅል ዛፍ የሚገኝ ጉታ ፐርቻ የሚባል ሙጫ ሲገኝ ነው። ሙጫው ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ በባሕር ውኃ ውስጥም አይበሰብስም። በ1858 አውሮፓንና አሜሪካን ያገናኘው የመጀመሪያው የአትላንቲክ ኬብል ግን ለሦስት ሳምንታት ያህል ብቻ ሠርቶ ዝም አለ። አሠራሩ እንከን ነበረበት፤ በዚያ ላይ መልእክቱ ቶሎ እንዲደርስ ተብሎ 2,000 ቮልት ያህል ተለቀቀበት፤ ደካማው ልባስ አልቻለም። በ1866 የተሳካው ኬብል የመዳቡም የሙጫውም መጠን ጨምሮ፣ ጥራታቸው በየደረጃው እየተለካ የተሠራ ነበር።

በከተማ ውስጥ ከፍተኛ ቮልቴጅ በምድር ስር ማስተላለፍ የተቻለው ደግሞ በወረቀት ነው። ሰባስቲያን ዴ ፌራንቲ በ1890 አካባቢ ለለንደን 10,000 ቮልት የሚያስተላልፍ መስመር ሲዘረጋ መዳቡን የጠቀለለው ሰም ባጠጣው ቡናማ ወረቀት ነበር። ከዚያ ኬብል ከፊሉ ከ40 ዓመት በላይ አገልግሏል። ወረቀቱ ዛሬም ትራንስፎርመር ውስጥ ዘይት ጠጥቶ ጥቅሉን ሸፍኖ ይገኛል። የትራንስፎርመር ዕድሜ የሚለካውም በመዳቡ ሳይሆን በወረቀቱ ነው። ከታቀደለት ሙቀት በላይ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የወረቀቱ ዕድሜ በግማሽ ያጥራል። በአንድ ሰፈር ትራንስፎርመር ላይ ከአቅሙ በላይ ቤት ሲደረብበት የሚበላው ይህ ወረቀት ነው።

የፕላስቲክ ዘመን የተከፈተው ሊዮ ቤክላንድ በ1907 ባገኘው ቤክላይት ነው። በ1933 ሁለት የእንግሊዝ ኬሚስቶች፣ ኤሪክ ፎሴትና ሬጂናልድ ጊብሰን፣ ጋዝ በከፍተኛ ግፊት ሲያፍኑ ነጭ ሰም የመሰለ ነገር አገኙ፤ ፖሊኤቲሊን ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ለራዳር ኬብል ዋለ፤ በ1956 ለመጀመሪያው የአትላንቲክ የስልክ ኬብል ልባስ ሆነ፤ ጉታ ፐርቻም ከገበያ ወጣ። ዛሬ በየቤቱ የምናውቀው ፒቪሲ እስከ 70 ዲግሪ ሙቀት ይችላል፤ ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩለት ፖሊኤቲሊን ደግሞ እስከ 90 ዲግሪ። አንድ ዓይነት መዳብ የያዙ ሁለት ኬብሎች የሚሸከሙት ከረንት የሚለያየው በዚህ የተነሣ ነው።

እዚህ ላይ የዳሰሳው ዋና ነጥብ ጎልቶ ይወጣል። ቮልቴጅን 10 እጥፍ ብናሳድግ ያንኑ ኃይል ለማድረስ የሚያስፈልገው ከረንት አንድ አሥረኛ ይሆናል፤ በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ደግሞ አንድ መቶኛ። ቮልቴጅ እንዲያድግ የሚፈቅደው ግን ኢ-አስተላላፊው ብቻ ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መስመር 2,000 ሜጋ ዋት ማስተላለፍ እንዲችል የታቀደው በ500 ሺህ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቮልት ነው፤ በዚህም በሁለቱ ሽቦዎች የሚፈሰው ከረንት 2,000 አምፔር ብቻ ይሆናል። ጥሩ ኢ-አስተላላፊ ከሌለ ይህን ያህል ኃይል ማንኛውም መዳብ አይሸከመውም።

አየር፣ አቧራና ከፍታ

ብዙ ሰው ከፍተኛ መስመር ልባስ ያለው ይመስለዋል፤ የለውም። ራቁቱን የተሰቀለ ሽቦ ነው። ልባሱ አየሩ ነው፤ ከምሰሶው የሚለየው ደግሞ ኢንሱሌተሩ። አየር በባሕር ወለል ላይ በአንድ ሚሊ ሜትር 3,000 ቮልት ያህል ይቋቋማል። ከፍ ወዳለ ቦታ ስንወጣ አየሩ ይሳሳል፤ የማገድ አቅሙም ይቀንሳል። ዓለም አቀፍ ደረጃዎች የኤሌክትሪክ መሣሪያን የሚመዝኑት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በተለመደው ስሌት መሠረት በአየር የሚከለል መሣሪያ 19 በመቶ ገደማ ተጨማሪ አቅም ሊኖረው ይገባል። ደብረ ብርሃንና ጋሸና ላይ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ለደጋ አገር ዕቃ የሚገዛ ሁሉ ይህን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ ለወደብ ከተማ የበቃ መሣሪያ ለጎንደር ላይበቃ ይችላል።

በኢንሱሌተር ረገድ ሦስት ቁሶች ይወዳደራሉ። ሸክላው፣ ማለትም ፖርሴሊኑ፣ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ሲሰነጠቅ ግን ከውጭ አያስታውቅም። ጠንካራው ብርጭቆ ሲበላሽ ሙሉ በሙሉ ይረግፋል፤ ስለዚህ መስመር የሚጠብቅ ሠራተኛ ከምድር ሆኖ የጎደለችውን ሰሃን ያያል። የሲሊኮን ጎማው ቀላል ነው፤ ውኃ በላዩ እንደ ጠብታ ይንከባለልበታል እንጂ አይነጠፍበትም፤ የውስጡ ዘንግ ቢጎዳ ግን ከሩቅ አይታወቅም። ይህ ምርጫ ለእኛ ተራ አይደለም። በበጋ ኢንሱሌተሩ ላይ የተከማቸው አቧራ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ጉዳት የለውም። የመጀመሪያው ካፊያ ሲያርሰው ግን ጨውና አቧራው ከረንት የሚያሾልክ ጭቃ ይሆናል። የሚያጥበው ከባድ ዝናብ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ለመስመሩ ክፉ ነው። በአቧራማ መስመር ላይ ሲሊኮን ከፖርሴሊን ይሻላል፤ በማይደረስበት ተራራ ላይ ደግሞ ጉድለቱን በዓይን የሚያሳይ ብርጭቆ ተመራጭ ነው።

መልካም ኢ-አስተላላፊ ሁሉ ለሰው ይበጃል ማለትም አይደለም። ለትራንስፎርመር ዘይትነት ይውል የነበረው ፒሲቢ አይቃጠልም ተብሎ ተወደሰ፤ በሰው አካልና በአፈር ውስጥ የሚከማች መርዝ መሆኑ ሲታወቅ ታገደ። ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የ2001 የስቶክሆልም ስምምነት ከአገልግሎት እንዲወጣ ያዛል። በማከፋፈያ ጣቢያዎች ብሬከር ውስጥ የሚሞላው ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ጋዝም የማገድ አቅሙ ከፍተኛ ነው፤ ነገር ግን አየር ላይ ቢያፈተልክ አንድ ኪሎው ምድርን በማሞቅ ከ23,000 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ነው። አውሮፓ ደረጃ በደረጃ እየተወው ነው፤ እኛም አዲስ ጣቢያ ስንገነባ ምትኩን መጠየቅ ይገባናል።

ምጣዱ ሲበራ

ይህ ሁሉ ጉዳይ በአንድ ቤት ውስጥ ተሰብስቦ የሚታየው በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ነው። የግድግዳው ሽቦ መዳብ ነው። ከሸክላው ስር በተቦረቦረው መስመር የተጋደመው ሽቦ ኒክሮም ነው፤ ሬዚስታንሱ ከመዳብ ከ60 እጥፍ በላይ ስለሆነ እንዲግል ታስቦ የተመረጠ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ። ሸክላው ደግሞ ሙቀት ያሳልፋል፤ ከረንት ያግዳል። አስተላላፊ፣ ሬዚስታንስና ኢ-አስተላላፊ በአንድ ዕቃ ተገናኝተዋል።

አንድ ምጣድ በ220 ቮልት 17 አምፔር ይስባል እንበል፤ 3,700 ዋት ያህል ነው። ከማከፋፈያው 10 ሜትር ርቆ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ቢገናኝ በመሄጃና በመመለሻው የሚባክነው 40 ዋት ገደማ ነው፤ በ20 ሜትር ሽቦ ላይ ስለሚሠራጭ ብዙ አይጎዳም። በ1.5 ሽቦ ከሆነ ብክነቱ ወደ 66 ዋት ያድጋል። አሁን ሶኬቱ ውስጥ ብሎኑ ላልቶ 0.2 ኦም ብቻ ሬዚስታንስ ተፈጠረ እንበል። በዚያች አንዲት ነጥብ ላይ 58 ዋት ሙቀት ይወጣል። ድሮ ክፍል ያበራ የነበረውን 60 ዋት አምፖል ሶኬቱ ውስጥ አፍኖ እንደማብራት ነው። ፕላስቲኩ ይጠቁራል፤ ይለሰልሳል፤ ይቀልጣል፤ ከዚያ ፌዝና ኒውትራል ይገናኛሉ። ብሬከሩ ይህን አያይም፤ ከረንቱ ከ17 አምፔር አላለፈምና። እሳቱ የሚነሣው ሁሉም ነገር በልኩ እየሄደ በሚመስልበት ሰዓት ነው።

መዳብና አሉሚኒየም በቀጥታ ሲቋጠሩ ደግሞ አደጋው ይብሳል። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ከረንት የማያሳልፍ ስስ ቅርፊት ያበጃል፤ ሲሞቅም ከመዳብ ይልቅ ይለጠጣል፤ እርጥበት ካገኘው ሁለቱ ብረቶች ይበላላሉ። በአሜሪካ ከ1965 እስከ 1973 ባለው ጊዜ መዳብ ተወዶ በነበረበት ወቅት ብዙ ቤቶች በአሉሚኒየም ተዘረጉ፤ ቃጠሎ ያስከተለው ሽቦው ሳይሆን መገጣጠሚያው ነበር። ከምሰሶ የሚመጣው የአሉሚኒየም መስመር ከቆጣሪው መዳብ ጋር በሁለት ብረት በተሠራ ማያያዣ መታሰር አለበት፤ ተጠማዞ ናስትሮ የተለጠፈበት ቋጠሮ ጊዜ ይወስዳል እንጂ መላላቱ አይቀርም።

ሸክላውም ቢሆን አጋጅ የሚሆነው እስከደረቀ ድረስ ነው። ሊጥ ወይም ውኃ ወደ ስንጥቁ ከገባ ኮረንቲ መንገድ ያገኛል። ምጣዱን በእርጥብ ጨርቅ የምታስሰውን ሴት የሚያድናት ሸክላውን አቅፎ የያዘው ብረት በግራውንድ ሽቦ መታሰሩ ነው። ግራውንድ የሌለው ሶኬት ላይ ምጣድ መሰካት ሕይወትን በአንዲት ስንጥቅ ላይ መጣል ነው።

ፍርዱ

ዳሰሳው የሚያደርሰን ወደ ቀላል መመዘኛ ነው። ሽቦ ስንገዛ የሜትሩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ውፍረቱን፣ ብረቱን፣ የልባሱን የሙቀት ደረጃ እንጠይቅ። ጫፉ ሲፋቅ ውስጡ ነጭ የሆነ «መዳብ» መዳብ አይደለም፤ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፤ ለምጣድና ለምድጃ አይሆንም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የምንመዝነው ስንት ሶኬት በአንድ ቀን እንደተከለ ሳይሆን እያንዳንዱን ብሎን እንዴት እንዳጠበቀ በማየት ይሁን። የሙያ ትምህርት ቤቶች ስለ ኦም ሕግ የሚሰጡትን ያህል ሰዓት ለመገጣጠሚያና ለልባስ ይስጡ። መስመር የሚገዙና የሚያስገነቡ ተቋማት ደግሞ በጨረታ ሰነዳቸው ላይ ከፍታውንና አቧራውን በቁጥር ይጻፉ፤ ለጥገናም ከአዲስ ግንባታ ያላነሰ ክብር ይስጡ።

የማመንጨት አቅማችን አድጓል፤ ይህ የትውልድ ድካም ውጤት ነው። ከአሁን በኋላ የአንድ ቤት መብራት አስተማማኝነት የሚወሰነው በሜጋ ዋት ብዛት ብቻ አይደለም። በወረቀት፣ በሸክላ፣ በፕላስቲክና በአንድ ብሎን ጥብቀት ጭምር ነው። እነዚህ ርካሽ ነገሮች ናቸው፤ ቸል ሲባሉ የሚያስከፍሉት ዋጋ ግን ከመዳብ ይወደዳል።